ሐጂ በያን ሳይለኩ የገጠሙት ቀለበት

ምስጋና ብረትን ብርቱ፣ የአደምን ልጅ ደግሞ ረሺ አድርጎ ለፈጠረ ጌታ ይሁንና፣ በተራራ ሥር የተቀመጠች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ስሟን አንጠራም። ሰዎቿ በክፉ ከተነሡ ይቀየማሉ፤ በደግ ከተነሡ ደግሞ ደጉ ሰው የየትኛው ሰፈር ነው እየተባባሉ ይጣላሉ። ኖራ የተቀባ መስጂድ፣ በመስጂዱ ደጅ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ፣ ከዛፉ ማዶ ደግሞ በዘይት የጠቆረ ጋራዥ ነበራት ካልን፣ የሚያውቃት ያውቃታል። የማያውቃት ምንም አልቀረበትም።

የጋራዡ ባለቤት ሐጂ በያን ይባሉ ነበር። ጺማቸው በሂና የቀላ፣ ጣታቸው በግራሶ የጠቆረ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ አዛውንት ናቸው። ሥራ ላይ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሞተር ከመዝጋታቸው በፊት እጃቸውን በናፍጣ ያጥባሉ፤ ናፍጣውን በአመድ፣ አመዱን በሳሙና ያስለቅቃሉ፤ ከዚያ ለሶላት እንደሚታጠቡት ዉዱእ አድርገው ይመለሳሉ። ለምን እንዲህ ያደርጋሉ ሲባሉ፣ «ክፍት ሥራ ባለቤቱም፣ መንገደኛውም፣ ምቀኛውም ያየዋል። ሞተር ከተዘጋ በኋላ ግን ውስጡን የሚያየው አንድ አላህ ነው» ይሉ ነበር። ሰውየውን ለማወቅ ይቺ ትበቃለች።

ሞተር ውስጥ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጠነቀቁለት አንድ ነገር ነበር። አንባቢ ጋራዥ ገብቶ የማያውቅ እንደሆነ ልንገረው፤ ሲሊንደር በሚባለው ጉድጓድ ውስጥ ከላይ ታች የሚመላለስ ፒስተን አለ፤ ፒስተኑን ወገቡ ላይ የሚታቀፉ የብረት ቀለበቶች አሉ። ባለሙያዎቹ ፋሻ ይሏቸዋል። እነዚህ ቀለበቶች እንደ ጣት ቀለበት ሙሉ አይደሉም፤ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጠው በሁለቱ ጫፎች መካከል ስስ ክፍተት አለ። ብረት ሲግል ይረዝማልና፣ የሚረዝምበትን ቦታ በቀዝቃዛው ጊዜ ቀድሞ መተው ግድ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ጉልበቱ በዚያ ሾልኮ ያመልጣል፣ መኪናው ዘይት ይበላል፣ ይጨሳል። ከጠበበ ምን ይሆናል? ይህ ታሪክ የተነገረው ለዚያ ነው።

ሐጂ በያን እያንዳንዱን ቀለበት በራሱ ሲሊንደር ውስጥ ያስገቡታል፤ በፒስተኑ አናት ገፋ አድርገው ቀጥ ያደርጉታል፤ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ የመለኪያ ብረቶቻቸውን አውጥተው በክፍተቱ ይሞክራሉ። ከጠበበ ያወጡትና ጫፉን በሞረድ ፋቅ ፋቅ ያደርጉታል። ደግሞ ያስገቡታል፤ ደግሞ ይለካሉ።

ይህን ሥራቸውን አይተው የማይታገሡ አንድ ሰው ነበሩ፤ የመስጂዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የጨርቅ ነጋዴው አቶ ሱሩር።

«ሐጂ፣ አዲስ ዕቃ ነው እኮ! አዲስ ዕቃ በሞረድ ይበላል?»

«ቦታ እየተውኩለት ነው።»

«ለምኑ ቦታ?»

«ሲግል ይረዝማል።»

«እኔ ጨርቅ ስሸጥ ለሚረዝመው እያልኩ ብቆርጥ ምን የሚሉኝ ይመስልዎታል?»

ሐጂ በያን ፈገግ ብለው መፋቃቸውን ቀጠሉ። አቶ ሱሩርም ክርክሩን ያሸነፉ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ወጡ። ሁለቱም ሰላማቸውን አገኙ።

ያን ጊዜ የተፈታው ሞተር የመስጂዱ ጀመዓ ፒክአፕ ሞተር ነበር። ፒክአፑ ከመንገደኛ መኪና በቀር የከተማዋ ብቸኛ መኪና ሲሆን በሽተኛ ወደ ተራራው ማዶ ሐኪም ቤት የሚያደርስ፣ ጀናዛ ወደ መቃብር የሚሸኝ ሁሉ ነገሯ ነበር። አርጅቶ ጭሱ ከመብዛቱ የተነሣ፣ የጫነው ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ከደዌው በፊት ሳሉን ያክሙለት ነበር። ኮሚቴው ብዙ ከመከረ በኋላ ሞተሩ ይታደስ አለ። ሐጂ በያንም ያለ ዋጋ፣ ለአላህ ብለው ተቀበሉት።

ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ የቀሩት የመጨረሻው ሲሊንደር ቀለበቶች ብቻ ነበሩ። ከእነሱም አንዷ በመንገድ ተሰብራ ስለመጣች ምትኳ የተገኘችው ከሌላ ካርቶን ነው። ሐጂ በያን በጣታቸው ዳሰስ ሲያደርጓት አላማረቻቸውም። «ይቺ ረዘም ያለች ናት፤ ሞረድ ትፈልጋለች» አሉ በልባቸው። እጃቸው ታጥቧል፤ ዉዱእ አድርገዋል፤ ቀለበቷን ወደ ሲሊንደሩ ሊያስገቡ ጎንበስ ሲሉ ደጁ በሰው ጨለመ።

«አሰላሙ ዐለይኩም!»

አቶ ሱሩር ናቸው። ከኋላቸው ኮሚቴው ሽርጡን እየሰበሰበ፣ ዘይቱን እየዘለለ ገባ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ግቡ፣ ግቡ።»

«ሊዘጉት ነው ሲሉን ደረስን።»

«ኢንሻአላህ። ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ትንሽ የቀረው አለቀ ማለት ነው። ከመዘጋቱ በፊት ዱዓ ይደረግበት ብለን ሼኹን ይዘን መጥተናል። ከተዘጋ በኋላማ ዱዓው በየት ይገባል?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰው ሰው የለም።

ሼህ ኸሊል ከኋላ በከዘራ እየተደገፉ ገቡ። የመስጂዱ ኢማምና የሐጂ በያን የልጅነት ጓደኛ ናቸው። አሊፍን የቆጠሩት በአንድ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሲያድጉ አንዱ ኪታብ ከፈተ፣ አንዱ ሞተር ከፈተ። ሰው ፊት «እርስዎ» ይባባላሉ። ሰው ሲሄድ «አንተ» ይሆናሉ።

ሼኹ እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ። ሐጂ በያንም ቀለበቷን በመዳፋቸው እንደያዙ ዘረጉ። «ዱዓው ሲያልቅ እለካታለሁ» አሉ በልባቸው።

ዱዓው ግን አላልቅ አለ። ሼኹ ለተሳፋሪው ዱዓ አደረጉ፤ አሚን ተባለ። ለሹፌሩ ለሽኩር፣ ዓይኑን ከመንገድ እንዳያነሣ። አሚን። ለታመመ፣ ለተቸገረ፣ ዐረብ አገር ላለ፣ ዐረብ አገር ለመሄድ ለሚያስብና ሐሳቡን ለሚያስተወው ዘመድ። አሚን። ለዝናቡ በልኩ እንዲመጣ። በውኃ ለተጣሉት ሁለት መንደሮች። ከመሬት ለወጣው ብረት፣ ላወጣው፣ ለቀጠቀጠው። ለወፍጮ ቤቱ በቅሎ ሳይቀር፣ ጀርባዋ ቆስሏልና፣ ዓፊያዋን እንዲመልስላት። አሚን። የኮሚቴው አባላት እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንዲህ ያለ ዱዓ ሰምተው አያውቁም። ሁለቱ አለቀሱ።

ሼኹ በመጨረሻ ድምፃቸው ሲሟጠጥ ፋቲሓ አሉ። ሁሉም ፊቱን አበሰ።

«በሉ ሐጂ!» አሉ አቶ ሱሩር እንባቸውን እየጠረጉ። «በረካው ሳይቀዘቅዝ ይዝጉልን!»

አሁን ወንድሞቼ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሐጂ በያን ቀለበቷን አዩ። መለኪያዎቹን አዩ። ሼኹ ላብ አጥምቋቸው ቆመዋል፤ ጀመዓው ትንፋሹን ይዞ እጃቸውን ያያል። ይህ ሁሉ ዱዓ ከፈሰሰበት በኋላ መለኪያ አንሥቶ ብረቷ ልክ ትሁን አትሁን ማየት፣ ዱዓውን እንደ መፈተሽ ሆኖ ታያቸው። «ሼኹን አላመናቸውም» ቢባልስ? በዚያች ከተማ ይሉኝታን ከሱና ለይቶ ለማየት ጥሩ ዓይን ይጠይቅ ነበር።

«ቢስሚላህ» አሉና ሳይለኩ ገጠሟት።

ሞተሩ ሲነሣ እንደ ድመት አንኮራፋ። ጭስ የለም። ሽኩር ከተማውን አዞረው፤ ሕፃናት ተከተሉት። አቶ ሱሩር በየሱቁ እየገቡ፣ «ዱዓው የገባው ሳይዘጋ ነው፤ የእኔ ሐሳብ ነው» አሉ። ፒክአፑ በሜዳው መንገድ እንጨት አመጣ፣ ሙሽራ አመጣ፣ አንዲት አራስ ወደ እናቷ ቤት አደረሰ። በሜዳ ሞተር ብዙ አይግልምና ሁሉም ሰላም ነበር።

ሰላም ያጡት ሐጂ በያን ብቻ ናቸው። ፒክአፑ በጋራዡ ደጅ ባለፈ ቁጥር ጆሯቸው ይቆማል።

«ምን ሆነዋል?» አሏቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰዓዳ፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ። «ምግቡን እየለኩት ነው እንጂ እየበሉት አይደለም።»

«አንዲት ቀለበት ሳልለካ ዘጋሁ።»

«ታዲያ ይክፈቱትና ይለኳት።»

«ዱዓ ተደርጎበታል።»

«ሲከፈት ይበራል? ወፍ ነው?»

ሐጂ በያን እጃቸውን ታጠቡ። ተነሥተው ወደ አቶ ሱሩር ሱቅ ሄዱ። ሞተሩን መልሰው መክፈት እንደሚፈልጉ፣ አንዲት ቀለበት እንዳልተለካች ነገሯቸው። አቶ ሱሩር የያዙትን ክንድ ጨርቅ አስቀምጠው ደጁን አዩ፤ የሚሰማ ሰው እንደሌለ አረጋገጡ።

«ይሄዳል አይደል?»

«ይሄዳል።»

«ይጨሳል?»

«አይጨስም።»

«ታዲያ ምን ሊሉ ነው? ሼኹ ዱዓ ያደረጉበትን ሞተር ሐጂ በያን አላመነውም፣ ከፈተው ቢባል፣ ማን ላይ ነው የሚወድቀው? እርስዎ ላይ አይደለም። ሼኹ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው!»

«ሼኹን ራሳቸውን ላናግራቸው።»

«አያስቀይሟቸው ሐጂ። በአላህ ይመኩ። ተወኩል የት ሄደ?»

ግመልን መጀመሪያ አስሮ ከዚያ መመካት እንደሚገባ የሚያስተምረውን ቃል በዚያች ከተማ የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም። ግን እሱ ስለ ግመል ነው። ይኼ ፒክአፕ ነው።

ሐጂ በያን ከዚያ በኋላ ወደ ሼህ ኸሊል ቤት ደጋግመው ሄደዋል። አንድ ጊዜ ደጁ ላይ የእንግዳ ጫማ በዝቶ አዩና ተመለሱ። አንድ ጊዜ ገብተው፣ ስለ ማሽላ ዋጋ ተጫውተው ወጡ። ሌላ ጊዜ ሼኹ ራሳቸው፣ «ሞተሩስ?» ሲሏቸው «አልሐምዱ ሊላህ» ብለው መለሱ። አልሐምዱ ሊላህ ለሁሉ ነገር የሚሆን መልስ ነው፤ ለዚህ ብቻ አልሆነም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሱብሒ ተሰግዶ ሰው ሲወጣ፣ ሼህ ኸሊል ኢማም ከሚቆምበት ከሚሕራቡ አልተነሡም። ደረታቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። «ፒክአፑ! ፒክአፑን አምጡ!» ተባለ። ፍራሽ ተነጥፎላቸው ኋላ ላይ ተጋደሙ። ሐጂ በያን አጠገባቸው ወጥተው ራሳቸውን በጭናቸው ያዙ። ሐኪም ቤቱ ያለው ከተራራው ማዶ ነው። ሞተሩ ከታደሰ ወዲህ ያን ዳገት ወጥቶ አያውቅም።

ሐጂ በያን የኋላውን መስኮት አንኳኩተው፣ «ሽኩር፣ ዳገቱ ላይ አታጣድፈው» አሉ።

«ሐጂ፣ በሽተኛ ይዤ ሽርሽር ልሂድ እንዴ? ደግሞ የእርስዎ እጅ ያለበት ሞተር! ምን እንዳይሆን ነው?»

እውነቱን የሚናገሩበት ጊዜ ቢኖር ያን ጊዜ ነበር። ሌላ መኪና ግን አልነበረም። ሼኹም ያቃስታሉ። ሐጂ በያን እጃቸውን ከመስኮቱ አነሡ።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ ቢላዋ በሳህን ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ዓይነት ነበር። ቀጥሎ ጉልበቱ ከዳው። ሽኩር ማርሽ ቀነሰ፤ ሞተሩ አንዴ አጓርቶ ነከሰና ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ የተሰማው የነፋስ ድምፅ ብቻ ነው።

ሽኩር ኮፈኑን ከፈተ፤ ዘይት አየ፣ ውኃ አየ፤ ሁሉም አለ።

«ምን ጎደለው ሐጂ?»

ሐጂ በያን ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ምንም አልጎደለውም፤ በዛበት እንጂ» አሉት።

ሽኩር ምንም ሳይገባው፣ የሚያልፍ የጭነት መኪና ፍለጋ ዳገቱን በሩጫ ወጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻቸውን ቀሩ። ሐጂ በያን ጋቢያቸውን በፀሐዩ በኩል ጋርደው ያዙ።

«በያን» አሉ ሼኹ።

«አቤት።»

«ፊትህ ከእኔ ፊት ይልቅ ታሟል። ከሁለታችን ማንኛችን ነን የምንታከመው?»

«ኸሊል፣ አውፍ በለኝ።»

«ምን አድርገኸኝ?»

«ያን ዕለት ዱዓ ስታደርግ አንዲት ቀለበት በእጄ ነበረች። አልለካኋትም ነበር። ከዚያ ሁሉ ዱዓ በኋላ መለኪያ ማንሣት አፈርኩ። እንዲሁ ገጠምኳት። ዳገቱ ሲያግላት የምትረዝምበት አጣች። ሲሊንደሩን የነከሰችው እሷ ናት።»

ሼህ ኸሊል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐጂ በያን ሕመሙ የባሰባቸው መስሏቸው ደንግጠው ጎንበስ አሉ። ሼኹ እየሳቁ ነበር።

«አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ ያስረዘምኩት ቀለበቷ በእጅህ ስለነበረች ነው!»

«እንዴት?»

«ገና ነህ ብዬ ነዋ! ሥራህን እስክትጨርስ ልጠብቅህ ብዬ። በአንድ ዓይኔ ሳይህ ቀለበቷ አለች። ለዐረብ አገሮቹ አደረግኩ፤ ሳይህ አለች። ለዝናቡ አደረግኩ፤ አለች። በቅሎ ድረስ ሄድኩልህ እኮ በያን! እኔ ለበቅሎ ዱዓ ሳደርግ ሰምተኸኝ ታውቃለህ?»

«እጄን ዘርግቼ ነበር እኮ። ዱዓ ላይ እንዴት አድርጌ ልሥራ?»

«እኔስ ዱዓ ላይ ሆኜ 'ጨረስክ ወይ' ልበልህ?»

ሐጂ በያንም ሳቁ። በዚያ ባዶ ዳገት ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ በልጅነታቸው ሰሌዳው ላይ ቀለም ደፍተው ሲያበቁ እንደሳቁት ሳቁ። ሼኹ ሳቁ ደረታቸው ላይ ሲወጋቸው ተዉት። ሐጂ በያንም ወዲያው ተዉት።

«'ቆየኝ' ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ ሼኹ ቀስ ብለው። «ጉሮሮዬም ደርቆ ነበር።»

«አውፍ በለኝ።»

«አውፍ ብዬሃለሁ፤ በዱንያም በአኺራም። ግን እዳ አለብህ። የሆነውን ለሰዉ ንገር። እኔ የሞትኩ እንደሆን ነገሩን አሳምረው ነው የሚያወሩት፤ ታውቃቸው የለም? አሳምረው ካወሩት ነገ ሌላ ሰው እዚህ ዳገት ላይ ይቀራል።»

ሐጂ በያን ቃል ገቡ።

ሽኩር በግ የጫነ መኪና አስቁሞ እስኪመጣ ፀሐዩ ራስ ላይ ደርሷል። ሼኹን በበጎች መካከል አስተኟቸው። «ኢማምነት አልቀረልኝም» አሉ ሼህ ኸሊል ዙሪያቸውን አይተው፤ የመጨረሻ ቀልዳቸው ነበረች። ሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ ሲደርሱ ሸሃዳ እያሉ ነበር። ሐኪሙ እጃቸውን ይዞ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለ።

ትንሽ። ሐጂ በያን ቃሏን አወቋት። እሳቸው ራሳቸው «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብለው ነበር።

ከቀብር በኋላ ሐዘንተኛ በሚጽናናበት በተዕዚያው ላይ የከተማው ሰው በቁርቁራው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ፒክአፑም በበሬ ተጎትቶ መጥቶ ጋራዡ ደጅ ቆሟል። አቶ ሱሩር ተነሡ። እውነትም ሐዘን ደቁሷቸው ነበር፤ ሐዘኑ ግን ንግግራቸውን አላሳጠረውም። ሁሉም በቀደር፣ በአላህ ውሳኔ እንደሆነ፣ ሼኹ በመንገድ መሞታቸው ትልቅ ደረጃ እንደሆነ፣ ፒክአፑም ቢሆን በከንቱ እንዳልቆመ አስረዱ።

«ዱዓ የተደረገበት መኪና ነው! ለምን እዚያ ቦታ ቆመ? ሼኹ ከዓለም ርቀው፣ ከጌታቸው ጋር ብቻቸውን እንዲሆኑ ነው! ብረቱ አውቋል፣ እኛ ነን ያላወቅን!»

«ሱብሐነላህ!» አለ ሰዉ። አንዲት አሮጊት ተነሥተው ሄደው የፒክአፑን ጎማ ሳሙ። ከኮሚቴው አንዱ ማንም እንዳይነካው አጥር ይሠራለት የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ሌላው ደገፈው። ለሚቀጥለው በሽተኛ ምን እንደሚደረግ የጠየቀ አልነበረም።

ሐጂ በያን ያን ዕለት ጧት ሞተሩን ብቻቸውን ከፍተውት ነበር። አሁን ተነሥተው ወደ መካከል መጡ፤ ከኪሳቸው የታጠፈ ጨርቅ አውጥተው ምንጣፉ ላይ ዘረጉት። ውስጡ ሁለት ቦታ የተሰበረች ቀለበት ነበረች። ጫፎቿ እርስ በርስ ተጋጭተው ሰማያዊ እስኪሆኑ ነድደዋል።

«ጫፏን እዩት» አሉ። «ሳልለካ ነው የገጠምኳት። ዱዓው ሲያልቅ መለካት አፈርኩ። ሼኹ ደግሞ እስክለካ ብለው ነበር ዱዓውን ያስረዘሙት። ራሳቸው ነግረውኛል። መኪናው ምንም አላወቀም። የማውቀው እኔ ነበርኩ።»

ቁርቁራው ላይ ያሉት ወፎች ብቻ ይንጫጫሉ።

«ሐጂ» አሉ አቶ ሱሩር በለዘበ ድምፅ፣ «ቀደር ነው እኮ። ራስዎን አይጉዱ።»

ሐጂ በያን ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ቀደሩ የአላህ ነው» አሉ። «ሞረዱ ግን በእኔ እጅ ነበር።»

ብለውም ተቀመጡ።

ሰዉ፣ «ሐዘኑ ጎድቷቸዋል፣ አላህ ሶብር ይስጣቸው» አለ። ውኃ አመጡላቸው። ትከሻቸውን እየነኩ አጽናኗቸው። ያመናቸው ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ ያዘነላቸው ግን ሁሉም ነው። ለተናዛዥ ሰው ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም።

አጥሩ አልተሠራም፤ ስለ አጥሩ እንጨት ኮሚቴው ገና እየተመካከረ ሳለ ሐጂ በያን ቀለበቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ለክተው ሞተሩን ዘግተውታልና። ዛሬም ያን ዳገት ይወጣል። ሐጂ በያን ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ክፉ ጠባይ አመጡ ይባላል። ሥራ ላይ ሳሉ ማንም ይምጣ፣ ዓሊምም ይሁን ሽማግሌ፣ እጁን ለዱዓ ሲያነሣ፣ «ገና ነኝ፣ ቆዩኝ» ይላሉ። ይህ በከተማው ዘንድ እንደ ድፍረት ተቆጥሮባቸዋል።

እኛስ ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ? የከተማዋ ሊቃውንት ብዙ ደክመውበታል። አንዳንዶቹ ትምህርቱ ዱዓ ማሳጠር ነው አሉ፤ ሌሎቹ በቅሎ በዱዓ ማስገባት አይገባም ነበር አሉ። እኔ ዕውቀት የለኝም። የሚታየኝ፣ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች አንዱ ላንዱ አክብሮት ሲሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ መቆማቸው ነው። ብረት እንኳ ሊግል መሆኑን አውቆ ቦታ የሚተውለት ይፈልጋል፤ በሁለት ወዳጆች መካከል ግን «ቆየኝ» የምትባል ቃል የምታልፍበት ስንጥቅ አልነበረም።

አቶ ሱሩር ደግ ሰው ናቸውና የሐጂ በያን ንግግር እንዳይጠፋ በማለት በመስጂዱ የአጥር ግድግዳ ላይ በአረንጓዴ ቀለም አጽፈውታል። «ቀደሩ የአላህ ነው» ይላል። ሁለተኛው ሐረግ ለመስጂድ ግድግዳ አይመጥንም፣ ስለ ሞረድ ነው ተብሎ ተትቷል። ጸሐፊው ግን ሙሉውን እንደሚጽፍ አስቦ ጀምሮት ኖሮ፣ ከጽሑፉ ቀጥሎ ግድግዳው ባዶውን ቀርቷል።

ሐጂ በያን ለሶላት ሲያልፉ እዚያ ጋ ቆም ይላሉ። ባዶውን ቦታ በዓይናቸው ይለኩታል። ልክ ይበቃል።